ካሜራ የገዛው ሙዚየም

ሙዚየም ብዙውን ጊዜ ነገሩ ካለቀ በኋላ የሚደርስ ተቋም ነው። ሠዓሊው ይሥላል፣ ሃያሲው ይተቻል፣ ነጋዴው ይሸጣል፣ ዘመን ያልፋል፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ ሙዚየሙ መጥቶ የተረፈውን ይለቅማል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል። ለዘይት ቅብና ለነሐስ ሐውልት ይህ መዘግየት ብዙ ጉዳት የለውም፤ ሃምሳ ዓመት ዕቃ ቤት ውስጥ ተረስተው ቢገኙ እንኳ ተጠርገውና ተጠግነው ለዕይታ ይበቃሉ። ለመጀመሪያዎቹ የቪዲዮ ጥበብ ሥራዎች ግን ሃምሳ ዓመት ሙሉ ዕድሜ ነው። የተቀረጹበት ክር ያረጃል፣ ማጫወቻቸው ከገበያ ይጠፋል፣ መሣሪያውን መጠገን የሚያውቁ ሰዎችም አንድ በአንድ ያልፋሉ። በዚያ ላይ፣ ሥራዎቹ በተወለዱበት ጊዜ ካሜራው ከአንድ ሠዓሊ አቅም በላይ ነበር። እንዲህ ላለው ጥበብ ዘግይቶ የደረሰ ሙዚየም ጨርሶ ካልመጣው ብዙም አይለይም። በዚህ ጽሑፍ የማነሣው የብራዚሉን የሳኦ ፓውሎ ዩኒቨርሲቲ የዘመኑ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው። ይህ የዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ለቪዲዮ ጥበብ ያደረገው ትልቁ ነገር ሥራዎቹን መሰብሰቡ ሳይሆን ገና ሳይኖሩ እንዲሠሩ ምክንያት መሆኑ ነው ብዬ እከራከራለሁ። ትልቁ ድክመቱም ከዚያው ይመነጫል፦ ያን ያህል ሥራ በአንድ ዳይሬክተር ትከሻ ላይ ማሳረፉ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዛሬ «ቪዲዮ» ስንል በእጅ ስልክ የሚቀረጸውንም፣ የዘፈን ክሊፑንም፣ የሠርግ ምስሉንም ሁሉ ማለታችን ነው፤ የዚያን ጊዜውን ነገር ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ ተንቀሳቃሽ ምስል የሚሠራው በሁለት መንገድ ነበር። አንዱ ፊልም ነው፤ ተቀርጾ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል፣ ታጥቦ እስኪመለስ ይጠበቃል። ሌላው ቴሌቪዥን ነው፤ እሱ ደግሞ ስቱዲዮ፣ ብዙ ቴክኒሻን፣ ከዚያም በላይ የመንግሥት ፈቃድ የሚጠይቅ ነበር። ሶኒ በ1967 ለገበያ ያቀረበውና «ፖርታፓክ» የተባለው መሣሪያ ግን ይህንን ለወጠው። ካሜራው በእጅ ይያዛል፣ መቅረጫው በትከሻ ይንጠለጠላል፣ አንድ ሰው ብቻውን ሊሠራበት ይችላል። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ግማሽ ኢንች ስፋት ያለው ክር በጥቅሉ እየዞረ ከሃያ እስከ ሠላሳ ደቂቃ ይቀርጻል፤ የተቀረጸውንም ወዲያውኑ መልሶ ማየት ይቻላል። ቆርጦ መቀጠል ግን እጅግ አስቸጋሪ ነበር። ስለዚህም ያን ጊዜ የተሠሩት አብዛኞቹ ሥራዎች አንድን ድርጊት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳያቋርጡ ይከተላሉ፤ ካሜራው ይከፈታል፣ አንድ ሰው አንድ ነገር ያደርጋል፣ ካሜራው ይዘጋል። ታሪክ የለም፣ ተዋናይ የለም፣ ሙዚቃ የለም። የቪዲዮ ጥበብ የሚባለው እንግዲህ ይህ ነው፦ እስከዚያ ድረስ የቴሌቪዥን ጣቢያ ብቻ የነበረውን ምስል የጥበብ ሰው ለራሱ ሐሳብ ሲያውለው።

ሙዚየሙ የተመሠረተው በ1963 ነው። ቺቺሎ እየተባሉ የሚጠሩት የኢንዱስትሪ ባለሀብት ፍራንሲስኮ ማታራዞ ሶብሪንሆ የነበራቸውን ስብስብና የከተማዋን የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ስብስብ ለዩኒቨርሲቲው ሰጡ። ስጦታው እንዲሁ የሚታይ አልነበረም፤ የሞዲሊያኒ የራስ ምስል፣ ጣሊያናዊው ቦቾኒ በጂፕሰም የሠራው ስመ ጥር የተራማጅ ሰው ቅርጽ፣ የፒካሶና የማቲስ ሥራዎች ነበሩበት። እንዲህ ያለ ሀብት የወረሰ ሙዚየም በሩን ቆልፎ ጠባቂ ቢያቆም የሚወቅሰው አይኖርም ነበር። የመጀመሪያው ዳይሬክተር የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁሩ ዋልተር ዛኒኒ ግን ከ1963 እስከ 1978 ባለው ጊዜ ሌላ መንገድ ተከተሉ። በኢቢራፑዌራ መናፈሻ፣ በከተማዋ በየሁለት ዓመቱ የሚካሄደው ዓለም አቀፍ የጥበብ ዐውደ ርእይ፣ የቢየናሌው፣ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በነበረው አዳራሻቸው ለወጣቶች ዓመታዊ ዐውደ ርእይ ከፈቱ። በ1972ቱ ዝግጅት የአዳራሹን ወለል እንደ መሬት ሸንሽነው በዕጣ አደሉት፤ ዕጣ የወጣለት ሰው በድርሻው ላይ በሕዝብ ፊት ይሠራ ነበር። በ1974 ደግሞ ከሠዓሊው ጁልዮ ፕላዛ ጋር ከልዩ ልዩ አገሮች በፖስታ የተላኩ ሥራዎችን ብቻ ያቀፈ ዐውደ ርእይ አዘጋጁ። ገንዘብ ለሌለው የዩኒቨርሲቲ ሙዚየም በቴምብር ዋጋ ዓለም አቀፍ ስብስብ መገንባት መቻሉ ትልቅ ብልሃት ነበር። የቪዲዮው ነገር ከሰማይ አልወረደም፤ ጥበብ ሲሠራ አብሮ መገኘትን ልማዱ ካደረገ ቤት ወጣ።

ይህ ሁሉ የሆነው ግን በደህና ጊዜ አልነበረም። ብራዚል በ1964 በመፈንቅለ መንግሥት በወታደሮች እጅ ገብታ እስከ 1985 ድረስ አልወጣችም። በታኅሣሥ 1968 የወጣው «ተቋማዊ ድንጋጌ ቁጥር 5» ምክር ቤቱን ዘጋ፣ የታሰረ ሰው ፍርድ ቤት የመቅረብ መብቱን አገደ፣ ሳንሱርን አጠበቀ። በ1969 የሳኦ ፓውሎ ዩኒቨርሲቲ ታላላቅ መምህራን፣ ከእነሱም መካከል የኅብረተሰብ ጥናት ምሁሩ ፍሎሬስታን ፈርናንዴስና ኋላ ፕሬዚዳንት የሆኑት ፈርናንዶ ኤንሪኬ ካርዶዞ፣ በግዳጅ ጡረታ ከማስተማር ተባረሩ። በዚያው ዓመት የብዙ አገሮች ሠዓልያን ወታደራዊውን አገዛዝ በመቃወም የሳኦ ፓውሎን ቢየናሌ አንካፈልም አሉ። ቴሌቪዥን በበኩሉ እያበበ ነበር፤ በ1965 የተከፈተው ግሎቦ በ1969 ከዳር እስከ ዳር የሚተላለፍ የምሽት ዜና ጀመረ፣ በ1972 ደግሞ ባለ ቀለም ስርጭት መጣ። አገሪቱ አንድ ዓይነት ምስል በአንድ ሰዓት ማየት የለመደችው ጋዜጦቿ በሚታፈኑበት ዘመን ነው። በጥቅምት 1975 የመንግሥቱ ጣቢያ የቴሌቪዥን ኩልቱራ የዜና ኃላፊና የዚሁ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ቭላዲሚር ሄርዞግ ለጥያቄ ተጠርተው በገዛ እግራቸው ወደ ጦሩ ምርመራ ቢሮ ሄዱ፤ በዚያው ቀን እዚያው ተገደሉ። ባለሥልጣናቱ ራሱን ሰቅሎ ሞተ ብለው ፎቶግራፍ ጭምር አወጡ። በእንዲህ ያለ አገር «ምስሉን የያዘው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ የውበት ፍልስፍና ብቻ ሊሆን አይችልም።

በ1974 በፊላዴልፊያ የሚገኘው የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ የዘመኑ ሥነ ጥበብ ተቋም በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ለሚከፍተው የቪዲዮ ጥበብ ዐውደ ርእይ ብራዚላውያንን እንዲጠቁሙ ዛኒኒን ጠየቀ። ዛኒኒም በሳኦ ፓውሎና በሪዮ ዴ ጄኔሮ ላሉ የጥበብ ሰዎች ጥሪውን አስተላለፉ። ችግሩ ካሜራ አለመኖሩ ነበር። ከውጭ የሚገባ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ውድና ብርቅ በመሆኑ የሳኦ ፓውሎዎቹ ሠዓልያን መሣሪያ አጥተው ቀሩ። በሪዮ ግን ፊልም ሠሪው ጆም ቶብ አዙላይ ከአሜሪካ ይዞት የመጣው ፖርታፓክ ነበረው፤ አዋሳቸው፣ ብዙ ጊዜም ራሱ ቀረጸላቸው። በዚያች አንድ ካሜራ አና ቤላ ጋይገር፣ ሶኒያ አንድራዴ፣ ፈርናንዶ ኮኪያራሌና ኢቬንስ ማሻዶ የመጀመሪያ ሥራዎቻቸውን ሠሩ፤ ሥራዎቹ ወደ ፊላዴልፊያ ከመሄዳቸው በተጨማሪ በ1974 መጨረሻ በዛኒኒ ሙዚየም በስምንተኛው የወጣቶች ዐውደ ርእይ ላይ ለብራዚል ተመልካች ቀረቡ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሌቲሲያ ፓሬንቴና ፓውሎ ሄርኬንሆፍም ተቀላቀሏቸው።

ሥራዎቹ ምን ይመስላሉ? በጋይገር «መተላለፊያዎች» ውስጥ ሠዓሊዋ ደረጃ ትወጣለች፤ በቤት ውስጥ፣ ከዚያም በደጅ፣ ደረጃው ሲያልቅ ሌላ ደረጃ ይተካል፣ የትም አትደርስም። ማሻዶ «ቬርሱስ» በሚለው ሥራው ካሜራውን ከነጭ ሰው ፊት ወደ ጥቁር ሰው ፊት፣ ከጥቁሩ ወደ ነጩ እያፈራረቀ ያዞራል፤ ሁለቱ በአንድ ክፈፍ ውስጥ እንዲገናኙ አይፈቅድም። ባርነትን በአሜሪካዎቹ አህጉር ከሁሉም በኋላ፣ በ1888፣ ባስወገደች አገር ውስጥ ይህ የካሜራ እንቅስቃሴ ምን እንደሚናገር ማብራሪያ አያሻውም። ማሻዶ በሌላ ሥራው ፊርማውን በአንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ ይፈርማል፤ ስሙ በራሱ ስም ተሸፍኖ እስኪጠፋ ድረስ። አንድራዴ ፊቷን በናይሎን ክር ትጠመጥመዋለች፤ ከንፈሯ፣ ጉንጯ፣ አፍንጫዋ ተቆራርጦ የማን ፊት እንደሆነ አይለይም። በሌላው ሥራዋ ቴሌቪዥን ከኋላዋ እየተናገረ እሷ የብራዚልን የዘወትር ምግብ፣ ባቄላውን፣ ትበላለች፤ ቀስ በቀስ በእጇ መዛቅ ትጀምራለች፣ ሰውነቷን ትቀባዋለች፣ በመጨረሻም በካሜራው ዓይን ላይ ትወረውረዋለች፤ የሚያዩዋትን ሰዎች መስኮት በምግብ ትሸፍነዋለች። ሄርኬንሆፍ ደግሞ ጋዜጣ ይበላል። የታፈነ ዜና የያዘውን ወረቀት አኝኮ ሲውጥ እናየዋለን፤ የሥራውም ስም የታወከ ሆድ ማለት ነው።

ከሁሉም ጎልታ የምትታየኝ ግን ሌቲሲያ ፓሬንቴ ናት። ፓሬንቴ በ1930 በሳልቫዶር ተወልዳ በኬሚስትሪ መምህርነት የኖረች ሴት ስትሆን ወደ ጥበብ የመጣችው ዘግይታ ነው። በ1975 የሠራችው «ማርካ ሬጂስትራዳ»፣ ማለትም የተመዘገበ የንግድ ምልክት፣ አሥር ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ተቀምጣ መርፌ ላይ ጥቁር ክር ታስገባለች፤ ከዚያም የእግሯን መርገጫ ወደ ካሜራው አዙራ በቆዳዋ ላይ «ሜድ ኢን ብራዚል» የሚሉትን ፊደላት አንድ በአንድ ትሰፋለች። ደም አይታይም፣ ፊቷም አይታይም፤ እጅ፣ መርፌና እግር ብቻ። የልብስ ስፌት ለሴት ልጅ የተሰጠ የቤት ሙያ ነው፣ የሸቀጥ ምልክት ደግሞ ፋብሪካ የሚያትመው ነው፤ እሷ ሁለቱን በራሷ አካል ላይ አገናኘቻቸው። ወታደራዊው መንግሥት በውጭ ካፒታል የመጣውን ፈጣን ዕድገት «ተአምር» እያለ በሚያሞግስበት ዘመን፣ አንዲት ብራዚላዊት ያገሯን ስም በምትረግጥበት ቦታ ላይ እንደ ዕቃ ምልክት መስፋቷን አንድ ሺህ ቃላት ያለው መግለጫ አይተካውም። በዚያው ዓመት በሠራችው «ዝግጅት አንድ» መስታወት ፊት ቆማ አፏንና ዓይኖቿን በፕላስተር ታሽጋለች፣ በፕላስተሩ ላይ ከንፈርና ዓይን ትኳኳላለች፣ ፀጉሯንም አስተካክላ ትወጣለች። ከሁሉ የሚያስደነግጠው የመጨረሻው ድርጊቷ ነው፦ ታውራ፣ ድዳ ሆና፣ ተኳኩላ ወደ ጎዳና መውጣቷ።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። ካሜራው የአዙላይ፣ ሐሳቡ የሠዓልያኑ፣ ከተማው ሪዮ ከሆነ፣ የሳኦ ፓውሎው ሙዚየም ምስጋናው ከየት መጣ? ደግሞም ከዚያ ቀድሞ፣ በ1973፣ አናሊቪያ ኮርዴሮ የተባለች ወጣት የዳንስ ባለሙያ በኮምፒውተር የተቀመረ ውዝዋዜ በቴሌቪዥን ኩልቱራ ስቱዲዮ አስቀርጻለች፤ ብዙዎች የብራዚል የመጀመሪያ የቪዲዮ ጥበብ የሚሉት የእሷን ነው። ተቃውሞው ትክክለኛ ነገር ይዟል፤ ሙዚየሙን ብቸኛ አባት ማድረግ ስሕተት ይሆናል። ነገር ግን ማስረጃውን ቀረብ ብለን ስናየው ክርክሬን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። የኮርዴሮ ውዝዋዜ የተቀመረው በካምፒናስ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ነው። የሪዮዎቹን ሥራ ያስነሣው ጥያቄ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ተቋም ወጥቶ በሌላ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም በኩል የመጣ ነው። የአዙላይ ካሜራ ያለ ጥሪው የአንድ ፊልም ሠሪ ዕቃ ሆኖ ይቀር ነበር፤ ጥሪውም ያለ ካሜራው በሳኦ ፓውሎ እንደሆነው ከንቱ ይቀር ነበር። ሙዚየሙ ያበረከተው ቀጠሮና ተመልካች ነው፦ በዚህ ቀን ይታያል፣ በቁም ነገር ይታያል የሚል ቃል። ለአዲስ ጥበብ ይህ ከመሣሪያው የሚያንስ ስጦታ አይደለም። ሳኦ ፓውሎዎቹ በካሜራ እጦት መቅረታቸውም ለዛኒኒ ትምህርት ሆነ።

በ1976 ሙዚየሙ የራሱን ፖርታፓክ አገኘ። በቀጣዩ ዓመት በካሲልዳ ቴሼይራ ዳ ኮስታ አስተባባሪነት የቪዲዮ ክፍል ተደራጅቶ መሣሪያው ለሠዓልያን ክፍት ሆነ፤ ሬጂና ሲልቬይራ፣ ጁልዮ ፕላዛ፣ ካርሜላ ግሮስ፣ ገብርኤል ቦርባና ሌሎችም ሠሩበት። ሞዲሊያኒን በግድግዳው የሰቀለ ሙዚየም ባለችው ጥቂት ገንዘብ ሌላ ሥዕል በመግዛት ፈንታ ገና ያልተሠሩ ሥራዎች የሚሠሩበትን ካሜራ መምረጡ በጣም የሚያስደስተኝ ውሳኔ ነው። ሥዕል ቢገዛ ስብስቡ በአንድ ይጨምር ነበር። ካሜራው ግን ሙዚየሙን ወደ ዎርክሾፕ፣ ጎብኚውን ወደ ሠሪ፣ ተማሪውን ወደ ምስክር ለወጠው። ያሳዝናል፣ ዘመኑ አጭር ነበር። ዛኒኒ በ1978 ዳይሬክተርነታቸውን ሲለቁ የቪዲዮው ክፍል አብሯቸው አበቃ። እሳቸው በ1981 እና በ1983 የሳኦ ፓውሎን ቢየናሌ በመምራት ለአዳዲስ መሣሪያዎች በር መክፈታቸውን ቀጠሉ፤ ሙዚየሙ ግን የጀመረውን አልቀጠለም። ክፍሉ መደበኛ በጀት፣ ቋሚ ባለሙያና የጽሑፍ ደንብ የነበረው ቢሆን ኖሮ በአንድ ሰው መልቀቅ አይዘጋም ነበር። ዛኒኒን የሚያወድሱ ጽሑፎች ይህችን ነጥብ ቶሎ ያልፏታል፤ እኔ ግን የታሪኩ ግማሽ እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ተራው ተመልካች በቅንነት የሚያነሣው ነው፦ እነዚህ ሥራዎች አሰልቺ ናቸው፣ ምስላቸው ደብዛዛ ነው፣ አንዲት ሴት ደረጃ ስትወጣ ለምን አያለሁ? ለዚህ «ጥበብ ስለማይገባህ ነው» የሚል መልስ መስጠት ነውር ነው። መሰልቸቱ እውነት ነው፤ ከምን እንደሚመጣ ግን ማየት ይገባል። ቴሌቪዥን ዓይናችንን ያስለመደው በጥቂት ሰከንድ የሚቆረጥ ምስል ነው፤ አንዱን ሳንጨርስ ሌላው ይተካል፣ የምናስብበት ፋታ የለንም። የፓሬንቴ መርፌ ግን አሥር ደቂቃ ሲወጣና ሲገባ መቁረጥ የለም። በመጀመሪያው ደቂቃ ጉጉት፣ በሦስተኛው መሳቀቅ፣ በስድስተኛው «ለምን አታቆምም?» የሚል ቁጣ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ስለ ራስ እግርና ስለ ራስ አገር ማሰብ ይመጣል። ይህ ቅደም ተከተል ሥራው ራሱ ነው፤ ቢያሳጥሩት ፎቶግራፍ ይሆናል። የምስሉ ድህነትም ቢሆን ለትርጉሙ እንግዳ አይደለም። ግሎቦ በባለ ቀለም ጥራት የተወለወለች ብራዚልን ሲያሳይ፣ ግራጫማና ጭረት የበዛበት ምስል ማን እንደቀረጸው ወዲያው ይናገራል፦ ስቱዲዮ የሌለው ሰው ነው። በዚያ ዘመን የተሠራ ሁሉ ጥሩ ነው ማለቴ አይደለም። ካሜራ በማግኘታቸው ብቻ የተደሰቱ፣ ከሙከራ ያላለፉ ሥራዎች በየስብስቡ ሞልተዋል፤ ለታሪክ ጥናት ካልሆነ በቀር እነሱን እያዩ መቀመጥን ለማንም አልመክርም።

ከዚህ የሚከብደው ሦስተኛው ጥያቄ የፖለቲካው ነው። ሄርዞግ በተገደሉበት ዓመት በሙዚየም አዳራሽ ውስጥ ለጥቂት ምሁራን ጋዜጣ ሲበሉ መታየት ምን ዓይነት ተቃውሞ ነው? ሚሊዮኖች ግሎቦን ሲያዩ እነዚህን ያየው ስንቱ ነው? ጥቂቱ ነው፤ ይህንን መካድ አይቻልም። እነዚህ ክሮች መንግሥት አልጣሉም፣ እስረኛም አላስፈቱም። ሳንሱሩ ያላስተዋላቸው አንዱ ምክንያትም ትንሽ መሆናቸው ነው ብል ከእውነት አልርቅም። ይሁን እንጂ ጥበብን በተመልካቹ ብዛት ብቻ የሚለካ ሰው ያን ዘመን መልሶ ለመረዳት ሲፈልግ ባዶ እጁን ይቀራል። የምሽቱ ዜና በየቀኑ ሚሊዮኖችን ደርሷል፤ ዛሬ የሚነግረን ግን በዋናነት መንግሥት ምን እንዲታይ ይፈልግ እንደነበር ነው። አፏን አሽጋ በላዩ ላይ ከንፈር የሣለችው ሴት የምትነግረን በዚያ አገር ውስጥ ተከድኖ መኖር ምን እንደሚመስል ነው። ይህንን የመዘገበ ሌላ ምስል ብዙ የለም። ዩኒቨርሲቲውም ራሱ መምህራኑን የተነጠቀ፣ በሰላዮች የተሞላ ቤት ሆኖ ሳለ፣ በአንድ ፎቅ ላይ እንዲህ ያለ ነገር እንዲታይ መፍቀድ ድፍረት ይጠይቅ ነበር።

የተረፈው ጉዳይ የክሩ ነው፤ ኬሚስትሪውም ምሕረት የለውም። የቪዲዮ ክር ፕላስቲክ ላይ በማጣበቂያ የተለጠፈ የብረት ኦክሳይድ ዱቄት ነው። ማጣበቂያው ከአየር እርጥበት እየወሰደ በጊዜ ብዛት ይሟሟል፣ ክሩ ይጣበቃል፤ ሲያጫውቱት ዱቄቱ ተልጦ የማጫወቻውን ራስ ይደፍናል፣ ከዱቄቱ ጋርም ምስሉ ይሄዳል። ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን ክር ሃምሳ ዲግሪ ገደማ በሆነ ሙቀት ለሰዓታት አድርቀው ለአጭር ጊዜ እንዲጫወት ያደርጉታል፤ በዚያች ፋታ ወደ ዲጂታል መገልበጥ አለበት። እንደ ሪዮ ባለ ወበቃማ የባሕር ዳር ከተማ ጉዳቱ ይፈጥናል። ክር ውድ ስለነበር አንዱን ሥራ አጥፍቶ በላዩ ሌላ መቅረጽም በዚያ ዘመን የተለመደ ነበር። አዲስ አበባም ይሁን ዋሽንግተን፣ በመሳቢያው ውስጥ የሠርግ ወይም የክርስትና ቪኤችኤስ ያለው ቤተሰብ ሁሉ ይህንኑ ችግር ተሸክሟል፤ የመጨረሻው የቪኤችኤስ ማጫወቻ አምራች፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ ማምረት ያቆመው በ2016 ነው። «የተገለበጠው እኮ ዋናው አይደለም» የሚል ሰው ቢመጣ፣ ቪዲዮ ከመጀመሪያውም እንዲገለበጥ የተፈጠረ ነገር ነው እለዋለሁ። የብራና መጻሕፍታችንን ለዘመናት ያቆያቸው የፍየሉ ቆዳ ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን የቁም ጸሐፊው አለመታከት እንደሆነ ሁሉ፣ የቪዲዮ ሥራም የሚኖረው በየትውልዱ የሚገለብጠው ሰው እስካለ ድረስ ብቻ ነው።

የሚገለብጥ ሰው ደግሞ የሚያስታውስ ተቋም ይፈልጋል። ተመራማሪዋ ክሪስቲና ፍሬሪ በ1990ዎቹ በዚሁ ሙዚየም ውስጥ ባደረገችው ጥናት፣ በዛኒኒ ዘመን በፖስታ የመጡትና ሌሎች የሐሳብ ጥበብ ሥራዎች በሥዕሎቹ መዝገብ ውስጥ ሳይሆን በቤተ መጻሕፍትና በማኅደር እንደ ወረቀት ተቀምጠው አገኘቻቸው፤ በ1999 ያሳተመችው መጽሐፍም እንደ ጥበብ ሥራ እንዲቆጠሩ መንገድ ከፈተ። ነገሩ ሁለቱንም ወገን ያሳያል። ሙዚየሙ በእጁ ያለውን ለሃያ ዓመት ያህል አላወቀውም፤ ይህ ጥፋት ነው። ግን የዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ስለሆነ በመዝገቦቹ ላይ ጥያቄ ይዛ የምትቀመጥ ተመራማሪ ነበረችው፤ ገበያው ዋጋ ያልሰጠውን ነገር ለማየት ደመወዝ የሚከፈላት። የግል ሰብሳቢ ቢሆን ያለ ዋጋ የተከማቸ ፖስታና ጥቁርና ነጭ ክር ሃያ ዓመት አያስቀምጥም ነበር። የዚህ ትውልድ ቪዲዮዎች ዛሬ የሙዚየሙ ስብስብ አካል ናቸው፤ ዲጂታል ሆነው በልዩ ልዩ አገሮች ዐውደ ርእዮች ላይ ይታያሉ።

ሲታዩ ግን ሌላ ውሳኔ ይጠይቃሉ፤ ለኔ ይህ የቴክኒክ ዝርዝር ሳይሆን የክርክሩ የመጨረሻ ፈተና ነው። ማርካ ሬጂስትራዳ ዛሬ በጨለማ አዳራሽ፣ ግድግዳ በሚሞላ ስክሪን ላይ ሊታይ ይችላል፤ እግሩም ከሰው ቁመት ይበልጣል። እንዲህ ሲሆን ስፌቱ ትርኢት፣ መርፌውም ጦር ይመስላል። በ1975 የነበረው የቴሌቪዥን መስኮት ግን ትንሽ ነበር፤ በእሱ ላይ የፓሬንቴ እግር ከተመልካቹ እግር ብዙም ስለማይበልጥ፣ ፊቱ የተቀመጠው ሰው የራሱን እግር ይሰበስባል። ይህንን ልዩነት ለመጠበቅ ያረጀ ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን ፈልጎ ማስጠገን፣ እሱ ሲሞት መጠኑ ተመሳሳይ የሆነ ስክሪን መተካት፣ ከፊቱም ሰው አሥር ደቂቃ የሚቀመጥበት ወንበር ማኖር ያስፈልጋል። ወጪው ብዙ አይደለም። የሚያስፈልገው በ1977 የነበረውና በ1978 የተቋረጠው ዓይነት ክፍል ነው፤ በዚህ ጊዜ ግን በዳይሬክተሩ ስም ሳይሆን በዩኒቨርሲቲው በጀት ላይ የተጻፈ።